አጭሩ ሴንተር ደቂቃ የሚያገኘው ከየት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ዘንድሮ ፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የዲቪዥን አንድ (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው የምጫወተው። ያለ ጫማ ቁመቴ 1 ሜትር ከ98 ነው፣ ክብደቴ 104 ኪሎ። ሃይስኩል ከኔ የሚረዝም ብዙም ስላልነበረ ሁሌም ሴንተር (ቀለበቱ አጠገብ የሚጫወተው ረጅም ሰው) ነበርኩ። እዚህ ግን የቡድናችን ሁለት ሴንተሮች 2 ሜትር ከ8 እና 2 ሜትር ከ11 ናቸው። ልምምድ ላይ ከቀለበቱ ስር የምወረውረውን ሁሉ ብሎክ ያደርጉብኛል። ጨዋታ ላይ ብገባም ለአራት አምስት ደቂቃ ነው። ውርወራዬን አሻሽዬ ወደ ፎርዋርድ (ከቀለበቱ ራቅ ብሎ የሚጫወተው) ልዙር ወይስ ክብደት ልጨምር? አሰልጣኙ «ሚናህን ፈልግ» ከማለት ውጭ ምንም አይለኝም።
ና.፣ ከኦሃዮ

መልስ፦ ና. ወንድሜ፣ ለረጅም ጊዜ የረጃጅሞቹን ልምምድ ሳሠራ እንዳንተ ዓይነት ልጅ በየዓመቱ ይገጥመኝ ነበር። ስለዚህ በቀጥታ ልንገርህ። አንተ የምታስበው እንዴት እንደምታስቆጥር ነው። አሰልጣኝህ ግን ወደ ተቀያሪዎቹ ዞር ሲል የሚያስበው ሌላ ነገር ነው። ይሄን ልጅ ባስገባው መከላከላችን ይፈርሳል ወይስ ይቆማል? ነጥብ የሚያስቆጥርለት ሌላ ሰው አለው። ከፍሬሽማን ሴንተር የሚፈልገው ዋናው ተጫዋች አረፍ እስኪል ድረስ የሦስት ደቂቃ ሰላም ነው። ያንን ሰላም ስጠው፤ ደቂቃው ይጨምራል።

አጭር ሴንተር የሚበላው ሰውዬው ኳስ ከያዘ በኋላ ነው። 2 ሜትር ከ11 የሆነ ሰው ቀለበቱ ስር ኳስ ከያዘ አለቀ። እጅህን ብትዘረጋ ፋውል ነው፣ ባትዘረጋ ሁለት ነጥብ ነው። ስለዚህ ሥራህ ኳሱ ሳይደርስ ማለቅ አለበት። ሰውዬው ከሌላው ሜዳ እየሮጠ ሲመጣ ፔይንት (ቀለበቱ ስር ያለው አራት ማዕዘን) ውስጥ ቆመህ አትጠብቀው። ወጣ ብለህ ነጻ ውርወራው መስመር ጋ ተቀበለው። ቀድመህ ደረትህን አስነካው። ጉልበትህን እጠፍ፣ ዳሌህ ከሱ ዳሌ ዝቅ ይበል፣ እጆችህ ከፍ ብለው ለዳኛው ይታዩ። መግፋት አያስፈልግህም፤ መንገዱን ቀድመህ መያዝ ብቻ ነው። ቦታውን አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ካወጣህበት ኳሱን ከቀለበቱ ሦስት ሜትር ርቆ ይቀበላል። ከዚያ ርቀት ደግሞ ድሪብል ማድረጉ አይቀርም። ድሪብል ሲያደርግ ኳሱ ወደ አንተ ቁመት ወረደ ማለት ነው። ያኔ ጋርዶቹ (ኳስ የሚያንቀሳቅሱት አጫጭሮቹ) ከጎን መጥተው ይነጥቁታል፣ ወይም ተጨናንቆ መልሶ ያቀብላል። ስታትስቲክስ ላይ ስምህ አይወጣም። አሰልጣኝህ ግን ቪዲዮውን ሲያይ ያየዋል።

ፋውል ላይ ተጠንቀቅ። ኮሌጅ ላይ አምስት ነው ያለህ። ፍሬሽማን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ከያዘ እስከ እረፍት ቁጭ ይላል። ብሎክ ለማድረግ ወደ ፊት አትዝለል። ሁለት እጅህን አንስተህ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ ዝለል። ይሄን ሕጉ ይፈቅድልሃል። ቻርጅ ለመውሰድ፣ ማለትም ኳስ የያዘው እንዲገጭህ ቀድመህ ቆመህ ፋውል ለማስያዝ፣ ለርዳታ የምትመጣ ከሆነ ደግሞ ከቀለበቱ ስር ያለውን ቅስት እይ። የወንዶች ኮሌጅ ላይ ቅስቱ 1 ሜትር ከ22 ያህል ነው። እሱ ውስጥ ቆመህ ብትወድቅ ፋውሉ ባንተ ላይ ነው።

እነዚያ ሁለቱ ረጃጅሞች የማይችሉት፣ አንተ ግን የምትችለው ትልቅ ነገር አለ። ተቃራኒው ቡድን ፒክ ኤንድ ሮል (አንዱ የጋርዱን ተከላካይ በአካሉ አግዶ ከዚያ ወደ ቀለበቱ የሚሮጥበት ጨዋታ) ሲጫወት እነሱ ወደ ቀለበቱ ያፈገፍጋሉ፤ ጋርዱ ክፍት ሆኖ ይወረውራል። አንተ ስዊች አድርገህ (የምትጠብቀውን ሰው ከጓደኛህ ጋር ተቀያይረህ) ከጋርዱ ፊት መቆየት ከቻልክ አሰልጣኝህ አሁን የሌለውን መከላከል ሰጠኸው ማለት ነው። እኔ ብሆን ከልምምድ በኋላ በየቀኑ ከቡድኑ ፈጣን ጋርድ ጋር አንድ ለአንድ እጫወት ነበር፤ ሁሌ መከላከሉን እኔ እየወሰድኩ። መጀመሪያ ላይ ያልፍሃል። ግድ የለም። የምትለማመደው ሁለተኛውን እርምጃ ነው።

ክብደት ለጠየቅከው፣ 104 ኪሎ ለቁመትህ ይበቃል። ጨምረህ ስዊች ላይ ከምትዘገይ እግርህንና ወገብህን አጠንክር። ዲጁዋን ብሌርን አስታውስ። ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት 2 ሜትር ከ1 ተብሎ ነበር የተመዘገበው። የካቲት 2009 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ፒትስበርግ በጊዜው በአገሪቱ አንደኛ የነበረውን ኮኔክቲከትን ገጠመ። የኮኔክቲከት ሴንተር ሃሺም ታቢት 2 ሜትር ከ21 ነበር። ብሌር 22 ነጥብ እና 23 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) ይዞ ወጣ፣ ቡድኑም አሸነፈ። በቁመት የሃያ ሴንቲሜትር ልዩነት አለ። ብሌር ግን ከታች ነበር የሚሠራው። ኳሱ ሲወረወር ሌላው ሰው ወደ ላይ ያያል፤ እሱ ሰው ይፈልጋል። በጀርባው ጭኑ ላይ ይቀመጥበታል፤ የተቀመጡበት ሰው ደግሞ የቱንም ያህል ቢረዝም መዝለል አይችልም።

አንተም ይሄን ልመድ። ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ሲወጣ ዓይንህ ሰው ላይ ይሁን፣ ከነካኸው በኋላ ብቻ ወደ ኳሱ ቀና በል። አወራወሩንም አጥና። ከኮርነር (ከሜዳው ጥግ) የተወረወረ ሦስት ነጥብ ሲሳት ብዙ ጊዜ ወደ ማዶው ጎን ነው የሚወጣው፣ ራቅ ብሎም ይነጥራል። ያንን ቀድሞ የገመተ አጭር ሰው ቆሞ ከሚጠብቅ ረጅም ይበልጣል። የማጥቃት ሪባውንድ ስታመጣ ደግሞ የማጥቂያው ሰዓት ወደ 20 ሴኮንድ ይመለሳል፣ ቡድንህ እንደ አዲስ ያጠቃል። ቻርልስ ባርክሊ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ በነበረባቸው ሦስት ዓመታት ሁሉ የሊጉ የሪባውንድ መሪ ነበር። ተመዝግቦ የነበረው ቁመቱ ልክ ያንተው ነው፣ 1 ሜትር ከ98።

ማጥቃቱን በአጭሩ። ኮሌጅ ላይ እንደ ኤንቢኤ የመከላከያ ሦስት ሴኮንድ ሕግ የለም። ያ ረጅም ሰው ቀኑን ሙሉ ቀለበቱ ስር ቢቆም ማንም አይነፋበትም። ስለዚህ እሱ በቆመበት ገብተህ ከላዩ ለመወርወር አትታገል። ስክሪን አስቀምጥ፣ ማለትም የጋርድህን ተከላካይ መንገድ በአካልህ ዝጋ፤ ጋርዱ እስኪያልፍ ሳትነቃነቅ ቁም። ከዚያ እስከ ቀለበቱ አትሩጥ፤ ነጻ ውርወራው መስመር ጋ ቆም ብለህ ኳሱን ተቀበል። ረጅሙ ወደ አንተ ከወጣ ከኋላው ለጓደኛህ አቀብል። ካልወጣ ከዚያው ወርውር። ይሄን አንድ ውሳኔ በፍጥነት የሚወስን ፍሬሽማን ማንም አሰልጣኝ ቤንች ላይ አይረሳውም።

ድሬይመንድ ግሪን ዛሬ የሚታወቀው በዚሁ ነው። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ በ2008–09፣ በአማካይ 11 ደቂቃ ገደማ ነበር የሚጫወተው፤ 3.3 ነጥብና 3.3 ሪባውንድ። በአራተኛ ዓመቱ የሊጉ፣ የቢግ ቴን፣ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፣ በትምህርት ቤቱ ታሪክም የሪባውንድ ክብረ ወሰን ይዞ ወጣ። እንዲያም ሆኖ የኤንቢኤ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ድራፍት ላይ እስከ 35ኛ ድረስ ማንም አልመረጠውም። በ2017 የኤንቢኤ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ግሪን ክንዱ ረጅም ነው፤ ተዘርግቶ ሲለካ 2 ሜትር ከ16 ገደማ። ያንተንም አስለካ። ከቁመትህ አስራ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ አሰልጣኝህ ይወቀው።

ውርወራህን አሻሽል፣ አዎ። የሦስት ነጥቡ መስመር 6 ሜትር ከ75 ነው፤ ከኮርነር ጀምር፣ ለቀጣዩ ዓመት ስንቅ ይሆንሃል። ወደ ፎርዋርድ መዞሩን ግን ዘንድሮ አልመክርህም። እዚያ የሚጠብቁህ ሦስትና አራት ዓመት ሲወረውሩ የቆዩ ልጆች ናቸው። ያለህን ብልጫ ጥለህ ድክመትህ ላይ ልትወዳደር ነው።

«ሚናህን ፈልግ» ላለህ አሰልጣኝ «ምን ላድርግ?» ብለህ አትመለስ። ረዳት አሰልጣኙን ይዘህ የገባህባቸውን ደቂቃዎች ቪዲዮ ተመልከት። ከዚያ ዋናውን «በዚህ ፒክ ኤንድ ሮል ላይ ስዊች ላድርግ ወይስ ላፈግፍግ?» ብለህ ጠይቀው። ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ መልስ አለው።

ጥያቄ፦ ልጄ የመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ተጫዋች ነው። ለአንድ ሴንተር አጭር ነህ ተብሎ ብዙ አይሰለፍም። አሁን «ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርት ቤት እቀይራለሁ» እያለኝ ነው። ልከልክለው?
እናት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ አይከልክሉት፤ ግን አያስቸኩሉት። ትራንስፈር ፖርታል የሚባለው፣ ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ስማቸውን የሚያስገቡበት መዝገብ፣ ከ2018 ጀምሮ አለ። ዛሬ የቀየረ ልጅ እንደ ድሮው አንድ ዓመት ሳይጫወት ቁጭ አይልም። በዚህ የተጠቀመ አለ። የኮንጎው ልጅ ኦስካር ቺብዌ 2 ሜትር ከ6 ነው፣ ለሴንተር ረጅም የሚባል አይደለም። ከዌስት ቨርጂኒያ ወደ ኬንታኪ ዞሮ በ2022 የአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተባለ፤ በአማካይ 15.1 ሪባውንድ ነበር የሚይዘው። ግን ልብ ይበሉ፤ ቺብዌ የሄደው ቤንች ላይ ስለተቀመጠ አልነበረም። ፍሬሽማን ሆኖም ቋሚ ተሰላፊ ነበር። የሚያሳየው ሥራ ይዞ ነው የሄደው።

ስለዚህ ልጅዎ መጀመሪያ ይሄን ዓመት በደንብ ይጨርስ። ስሙን ፖርታል ውስጥ ካስገባ በኋላ የአሁኑ ትምህርት ቤት የሚቀጥለውን ጊዜ ስኮላርሺፕ ላይሰጠው ይችላል። ይሄን ሳያውቁ የሚገቡ ልጆች አሉ፤ በጣም ያሳዝነኛል። የሚሄድበት ቡድን ከመጣ ደግሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ። የሚቀጥለው ዓመት ሴንተሮቻችሁ እነማን ናቸው? መከላከላችሁ ስዊች ነው ወይስ ረጅሙን ቀለበቱ ስር ማቆም? የወሰድኩት ኮርስ ሁሉ ይያዝልኛል? ሁለተኛው ላይ «ረጅሙን እናቆማለን» ካሉት አጭር ሴንተር እዚያም ቤንች ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ይለፈው። ፖርታሉ የሚከፈተው በተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የዘንድሮውን ቀን ከትምህርት ቤቱ የኮምፕሊያንስ (ሕግ መከበሩን የሚከታተል) ቢሮ አሁኑኑ ይጠይቁ።