እኩል ነጥብ ይዘው ለምን አንዱ ብቻ አሸነፈ?

ጥያቄ፦ በዓለም የሞቶክሮስ (በአፈር ሜዳ ላይ የሚካሄድ የሞተር ብስክሌት ውድድር) ሻምፒዮና አንዱ ተወዳዳሪ በመጀመሪያው ሩጫ አንደኛ፣ በሁለተኛው ሁለተኛ ወጣ። ሌላው የዚህ ተቃራኒ ነበር። የዕለቱን ዋንጫ የወሰደው ግን ሁለተኛውን ሩጫ ያሸነፈው ነው። ለምን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ነጥብ እኩል ሲሆን የሚበልጠው በሁለተኛው ሩጫ የተሻለ ደረጃ ያገኘው ነው። በእያንዳንዱ ሩጫ አንደኛ 25፣ ሁለተኛ 22፣ ሦስተኛ 20፣ አራተኛ 18፣ አምስተኛ 16፣ ስድስተኛ 15 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ አንድ አንድ እየቀነሰ ሃያኛው 1 ይደርሰዋል። ሁለቱም 47 ነጥብ ነበራቸው ማለት ነው። በዚህ ስሌት አንዱን ሩጫ አሸንፎ በሌላው አምስተኛ የወጣ 41 ብቻ ይይዛል። ሁለቱንም ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰው 44 ስላለው ይቀድመዋል። ለዚህ ነው ብልህ ተወዳዳሪ ሁለተኛ ሆኖ ሲሮጥ ለመውደቅ የሚያጋልጥ ዝላይ ውስጥ የማይገባው። ሩጫው 30 ደቂቃ ሲሞላም አያልቅም፤ 2 ዙር ይቀረዋል፤ ብዙ ደረጃ የሚለዋወጠውም ክንድ በዛለበት በዚያ ሰዓት ነው።

ከእሑዱ ሁለት ሩጫዎች በፊት የሚካሄደው የቅዳሜው ማጣሪያ በመነሻው ላይ ቦታ የመምረጥ ቅደም ተከተልን ይወስናል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ አሥረኛ ለወጡት ከ10 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣል፤ የሚደመረው ግን ለዓመቱ ሻምፒዮና እንጂ ለእሑዱ ዋንጫ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሲነሱ አንዳንዱ ለምን መነሻው ላይ ተይዞ ይቀራል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከተወዳዳሪዎቹ ፊት የሚቆመው የመነሻው ብረት የሚወድቀው ወደ ተወዳዳሪው ነው። ቸኩሎ የፊት ጎማውን የደገፈበት ሰው ብረቱ እንዳይወድቅ ራሱ ይይዘዋል። የ5 ሰከንድ ምልክት ከታየ በኋላ ብረቱ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል፤ በግምት መነሳት አያዋጣም። እስከ 40 ሞተር አንድ ኩርባ ላይ ስለሚገናኝ ወደኋላ የቀረው የፊተኞቹን አቧራና ድንጋይ ይጠጣል።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ወጣ ብዬ በአቧራ መንገድ እለማመዳለሁ። ሞተሬ ጉልበቱ ቀንሷል፣ ጠዋት ለማስነሳትም ያስቸግራል። የአየር ፊልትሮውን በየጊዜው በቤንዚን አጥባለሁ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ቤንዚኑን ዛሬውኑ ይተዉት። የስፖንጁን ንብርብር ያጣበቀውን ማስቲሽ ያላቅቀዋል፤ እሳትም ያስነሳል። በፊልትሮ ማጠቢያ ያጽዱት፣ ቀጥሎ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ይጠቡት። አይጠምዝዙት፣ ይጭመቁት፤ ጥምዘዛ ስፖንጁን ይቀድደዋል። ጥላ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ የፊልትሮ ዘይት ቀለሙ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ አሽተው ትርፉን ይጭመቁ። ደረቅ ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ አያስቀርም፤ የሚይዘው ዘይቱ ነው። የፊልትሮው አፍ ላይ ቀጭን ግሪስ ይቀቡ፤ አብዛኛው አቧራ ሾልኮ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ከመግጠምዎ በፊት ከፊልትሮው ወደ ካርቡሬተር የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ አፈር ከታየ አቧራ አልፎ ገብቷል።

ያለፈው አቧራ ከሞተር ዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፋሻን (የፒስተን ቀለበትን) እና ሲሊንደርን ይበላል። ስለዚህ ከጽዳቱ በኋላም ጉልበቱ ካልተመለሰና ማስነሳቱ ካስቸገረ መካኒክ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት) ይለካልዎ፤ ዝቅ ካለ ሲሊንደሩ ተከፍቶ ፋሻውና ቫልቮቹ መታየት አለባቸው። በባለሙያ ቡድኖች ዘንድ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ፊልትሮ ይቀየራል። የእርስዎ ሞተር ፊልትሮ የወረቀት ከሆነ ግን ማጠብም ዘይት መቀባትም የለብዎትም፤ ሲጠቁር አዲስ ይግዙ።