የተቃዋሚው መሪ ማን ነው? ደሴ ላይ ለተነሱ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ ቡና ላይ ተሰባስበን ነበር። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ዝናቡም አልቆም አለ። ወሬው ሁለት ፓርቲዎች ስልጣን ስለሚፈራረቁባቸው አገሮች ሆነና ጥያቄው በዛ። ሲቪክስ ሳስተምር ስለኖርኩ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ያልደረስኩበትን በብጣሽ ወረቀት ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ። መልሱ ይኸው፤ የውጭ አገሩን ዓመተ ምሕረት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

መምህር፣ አሜሪካ ውስጥ የተሸነፈው ፓርቲ አለቃ ማን ይባላል? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሆጤ)

ልጄ፣ እንዲህ የሚባል ሹመት እዚያ የለም። ትራምፕ በ2025 ዳግም ስልጣን ሲይዙ፣ በተወካዮች ምክር ቤት ዴሞክራቶቹን የሚመሩት ሃኪም ጄፍሪስ ነበሩ። በሴኔት ቸክ ሹመር። የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ሊቀመንበር ደግሞ ሌላ ሰው ነው። እሱ ገንዘብ ያሰባስባል፣ ምርጫ ያደራጃል እንጂ አንድን ሴናተር "እንዲህ ድምፅ ስጥ" ብሎ አያዝም። የተሸነፉት ዕጩ ካማላ ሃሪስ ከምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲወርዱ የሚቀመጡበት ወንበር እንኳ አልነበራቸውም። ስለዚህ ፓርቲው ለቀጣዩ ምርጫ ዕጩ እስኪሰይም ድረስ የሁሉም አለቃ የሚባል ሰው አይኖረውም። የየክፍለ ግዛቱ ገዥዎችም በየፊናቸው ይናገራሉ።

እንግሊዝስ? (ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ወንድም)

እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። በፓርላማው በወንበር ብዛት ሁለተኛ የወጣው ፓርቲ መሪ፣ የተቃዋሚው መሪ ይሆናል። የታወቀ ሹመት ነው። በ2024ቱ ምርጫ ወግ አጥባቂዎቹ ከ650 ወንበር 121 ብቻ ሲያገኙ፣ ሪሺ ሱናክ ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ወርደው ለጥቂት ወራት ይህንኑ ሥራ ሠሩ። በፈረንጆቹ ኖቬምበር ፓርቲው ኬሚ ቤይደኖክን መረጠና ቦታውን ተረከቡ።

አዳራሹን በዓይነ ኅሊናህ ሳለው። መንግሥት በአንድ ወገን፣ ተቃዋሚ በሌላው፣ ፊት ለፊት። ምንጣፉ ላይ ሁለት ቀይ መስመሮች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት የሁለት ሰይፍ ርዝመት ነው ይባላል። ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ሲሆን በየሳምንቱ ረቡዕ ቀትር ላይ የተቃዋሚው መሪ ይነሳና ጠቅላይ ሚኒስትሩን ስድስት ጥያቄ ይጠይቃል። ከጀርባው ጥላ ካቢኔው ተቀምጧል። የገንዘብ ሚኒስትሩን የሚከታተል አለ፣ የጤናውን የሚከታተል አለ። ነገ ቢያሸንፉ ሥራውን ከዜሮ አይጀምሩትም። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህንን ነው።

መንግሥትን ለሚቃወም ሰው እንዴት ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ ይከፈላል? (አንድ አባት፣ ከሰኞ ገበያ)

አባቴ፣ ጥሩ ጠየቁ፤ እኔም ተማሪ እያለሁ ያስገረመኝ ይኸው ነበር። እንግሊዞች ከ1937 ጀምሮ ለተቃዋሚው መሪ በሕግ ደመወዝ ይከፍላሉ። ስሙም "የግርማዊነታቸው ታማኝ ተቃዋሚ" ነው። "የግርማዊነታቸው ተቃዋሚ" የሚለውን በ1826 አንድ የምክር ቤት አባል በቀልድ ጣል አደረገው፣ እንደ ቁም ነገር ተይዞ ቀረ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሰውየው ሚኒስትሮቹን ይቃወማል፣ አገሩን ግን አይቃወምም። ያን ሁለት ነገር መለየት ለኛ ከብዶን ኖሯል። "ተቃዋሚ" ሲባል ጠላት የሚመስለው ሰው ስላለ አይደል በ2010 ዓ.ም. "ተፎካካሪ" የሚለው ቃል የመጣው? ቃሉን ወድጄዋለሁ። ግን ልባችን አብሮ ካልተቀየረ ቃል ብቻውን አያደርሰንም።

አንዱ ፓርቲ ሁሉንም ወንበር ቢጠርገውስ? (አንዲት እህት፣ ከቧንቧ ውሃ)

አብሽሪ እህቴ፣ ይህም ደርሷል። ባርባዶስ በ2018 አንድ ፓርቲ 30ውንም ወንበር ወሰደ። ከአሸናፊዎቹ አንዱ፣ ጳጳስ ጆሴፍ አተርሊ፣ ከገዛ ፓርቲያቸው ወጥተው የተቃዋሚ መሪ ሆኑ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሁለት ሴናተሮችን የማስሾም መብትም አገኙ። ጃማይካ ላይ ደግሞ በ1983 አንደኛው ፓርቲ ምርጫው ውስጥ ስላልገባ ሌላው 60ውንም ወንበር ያዘ። ያኔ ፓርላማው ውስጥ የተቃዋሚ መሪ የሚባል ሰው አልነበረም።

እኩል ከሆኑስ?

ጋና በ2020 ሆነላት። 137 ለ137፣ መሀል ላይ አንድ የግል ተመራጭ። እሱ ከአንደኛው ጋር ሲቆም ሌላው አናሳ፣ ማለትም ተቃዋሚ፣ ተባለ።

መሪው ራሱ ወንበሩን ቢያጣስ?

አውስትራሊያ በ2025 የተቃዋሚው መሪ ፒተር ደተን ምርጫውንም የራሳቸውን ወንበርም በአንድ ሌሊት አጡ። ፓርቲው ወዲያው ሱዛን ሌይን መረጠ።

እኛ አገርስ ማን ነው? (ይህ በሦስት ወረቀት ላይ ተጽፎ መጣ)

እኛ እንደ እንግሊዝ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል የሚል ሥርዓት አለን። ሁለት ፓርቲ ግን አልወጣልንም። ሕገ መንግሥታችንም "የተቃዋሚ መሪ" የሚል ሹመት አያውቅም። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅትና ኅብረት ብዙ ወንበር ሲያገኙ የተቃራኒው ወገን ራሱ ሁለት ነበር። በ2002 ከ547 ወንበር ለመድረክ የደረሰው 1 ነው፣ ለግል ተመራጭ ደግሞ 1። በ2013ቱ ምርጫ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ፤ የኢዜማው መሪ ደግሞ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ካቢኔ ገቡ። እንግዲህ በእንግሊዙ ሚዛን ብንሄድ በቁጥር የሚቀድመው አብን ነበር። ግን ለአምስት ሰው ማን ጥላ ካቢኔ ያቆምለታል? ረቡዕ ቀትር ላይ ተነስቶ የሚጠይቅበት የተለየ ሰዓትስ የት አለ?