ስሙ ሲልቨርቶን፣ ሠሪው ማን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዛሁ። ውስጡ ክፍት ነው፣ ፊቱ ላይ እንደ ቫዮሊን ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ራሱ ላይ «ሲልቨርቶን» ይላል። ጓደኛዬ ግን እንዲህ የሚባል የጊታር ፋብሪካ የለም አለኝ። ታዲያ ማን ሠራው? ቀለሙ ስለተላላጠ ላስቀባው አስቤያለሁ።
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው። ሲልቨርቶን በካታሎግ ይሸጥ የነበረው የአሜሪካ መደብር ሲርስ ያወጣው የንግድ ስም ነው። ሲርስ ጊታሩን ቺካጎ ከነበሩት የጊታር ፋብሪካዎች ሃርመኒና ኬይ፣ ኒው ጀርሲ ከነበረው ዳንኤሌክትሮ፣ በኋላም ከጃፓን እያሠራ በራሱ ስም ይሸጥ ነበር። እንዲያውም ሃርመኒ እ.ኤ.አ. ከ1916 እስከ 1940 የሲርስ ንብረት ነበር።

የዳንኤሌክትሮ ጊታር ቶሎ ይለያል። አካሉ ከሜሶናይት (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ) ነው፣ ፒክአፑም (የክሩን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) የሊፕስቲክ መያዣ ቱቦ ውስጥ የገባ ነው። ያንተ እንደነገርከን ከሆነ የሃርመኒ ወይም የኬይ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን የስልክህን መብራት አብርተህ በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ እይ፣ ከጀርባው እንጨት ላይ ማህተም ፈልግ። ሃርመኒ ብዙ ጊዜ «ኤች» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል በቁጥሮች መሃል ያትም ነበር፤ ከፊደሉ በኋላ ያለው የሞዴሉ ቁጥር ነው። ለብቻው ደግሞ «ኤፍ» ወይም «ኤስ» ከሁለት አሃዝ ጋር ካየህ፣ አሃዙ ዓመቱ ነው፦ 63 ካለ 1963።

ማህተሙ ደብዝዞ ከሆነ የቮልዩሙን ፖቴንሺዮሜትር (ከማዞሪያው ሥር ያለውን ዕቃ) ጀርባ እይ። 1376312 የሚል ካገኘህ፣ 137 ሲቲኤስ የተባለው የዕቃው ፋብሪካ ነው፣ 63 ዓመቱ፣ 12 ሳምንቱ። ይህ ግን ጊታሩ ከዚያ በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ነው የሚነግርህ፤ ያውም ዕቃው ካልተቀየረ። ብየዳው የተነካካ ከመሰለህ አትመነው።

የሱቅ ስም ያለበት ሁሉ ተራ ዕቃ ነው ብለህም አትናቀው። በ1930ዎቹ ሌላው የካታሎግ መደብር ሞንትጎመሪ ዋርድ «ሬኮርዲንግ ኪንግ» እያለ ከሸጣቸው ጊታሮች ብዙዎቹን የሠራው ታዋቂው የጊታር ፋብሪካ ጊብሰን ነው።

ቀለሙን በፍጹም እንዳታስቀባው! የድሮ ጊታር ዋጋ የሚወርደው አንዱ በዚህ ነው፣ ሠሪውን ለመለየት የሚረዳው የፋብሪካ ቀለምም አብሮ ይጠፋል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረገው፣ ይበቃዋል። ማህተም ካገኘህ ፎቶውን ላክልን፣ አብረን እናነበዋለን።