ብርዱን ተይው፣ ቅዳሜን እናውራ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ከድሬዳዋ ነኝ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ፍሬሽማን ነኝ። አቦ ብርዱ ሊገድለኝ ነው! የዶርሜ ልጆች አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ናቸው፣ አርብ ከሰዓት ውልቅ ይላሉ፣ እኔ ሁለቱንም ቀን ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ። ጊቢውን ትቼ ድሬ ግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ብማር ለሥራ ይጎዳኛል?»

እህቴ፣ በቅድሚያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አይጎዳሽም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያውም ለሁሉም ከመቶ 50 ነው። ልዩነቱ ኪስሽ ላይ ነው። እዚያ ገና ስትመዘገቢ ጀምሮ ትከፍያለሽ፣ እዚህ ወጪ መጋራቱ፣ ማለትም ከተማርሽበት ወጪ ድርሻሽን መክፈሉ፣ የሚመጣው ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ነው።

ግን ጥያቄሽን ደግሜ ሳነበው ስለ ትምህርቱ አንድ ቅሬታ እንኳ አጣሁበት። ያስመረረሽ ብርዱና ቅዳሜ ነው።

ብርዱን ቶሎ ልጨርሰው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። ሰውነትሽ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ሰማይ ጥርት ስለሚል ቀን የሞቀው መሬት ሙቀቱን ሽቅብ ይለቀዋል፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ታያለሽ፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ስለዚህ ገላሽን በምሳ ሰዓት ታጠቢ፣ ማታ እንዳትሞክሪው። ጃኬት ሰልባጅ ተራ አለልሽ። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ ውስጥ ሆነሽ በአንድ ስስ ብርድ ልብስ መንቀጥቀጥ ግን እኔን አይገባኝም። «ለብርድ ነው» እያለ አረቄ የሚጋብዝሽም አይጠፋም፤ የሞቀሽ ይመስልሻል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን ይበልጥ የሚያጣው ያኔ ነው።

አሁን ቅዳሜ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነች የአዲስ አበባ ልጅ ልቡ ግማሹ ቤቱ ነው። ክፉዎች ሆነው አይደለም፣ መንገዱ ቅርብ ስለሆነ ነው። ወዳጅነትሽን በእነሱ ላይ ብቻ ከመሠረትሽ ግን አርብ በመጣ ቁጥር ብቻሽን ትቀሪያለሽ። ከሩቅ የመጡትን ፈልጊ። ከጂንካ፣ ከጋምቤላ፣ ከጅግጅጋ የመጣ ተማሪ ቅዳሜ የትም አይሄድም። የት ታገኛቸዋለሽ? ቅዳሜ ረፋድ ፀሐይ ሞቅ ሲል ልብስ ማጠቢያው ጋ ውጪ። የአዲስ አበባዎቹ የቆሸሸውን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቀው እናታቸው ጋ ይዘውት ስለሚሄዱ፣ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ የምታገኚያት ልጅ እንደ አንቺ የቀረች ናት። «ትንሽ ኦሞ ታበድሪኛለሽ?» ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ ልብሱ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። ጉባኤም ጀመዓም ፌሎሺፕም አለ፣ የምታምኚበትን ታውቂያለሽ። የክበቦችንም ማስታወቂያ አንብቢ፤ ተማሪ ሁሉ አይቶት የሚያልፈው ሰሌዳ ነው።

ይሄን የምነግርሽ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ዲፓርትመንት የሚደለደለው በምርጫሽና በውጤትሽ ነው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለፈ ሴሚስተር ደግሞ ግሬድሽ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብቻዋን የምታጠና ልጅ የቀረባትን ኖት እንኳ ከማን እንደምትቀዳ አታውቅም።

ሌላው፣ ለአካውንቲንግ ተማሪ ትንሽ ከተማ ትልቅ ዕድል አለው ብዬ አምናለሁ። ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካዎቹ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አጠገብሽ ናቸው፤ የተግባር ልምምድ ጊዜ ሲደርስ ሰው የምታውቅ ልጅና ደብዳቤ ብቻ ይዛ በር የምትቆም ልጅ እኩል አይስተናገዱም። ሰው የምታውቂው ደግሞ ከአሁኑ ነው። ለምሳሌ የከተማውን ልጆች ቤታቸው ሄደሽ ማስጠናት ትችያለሽ። የኪስ ገንዘብ ታገኛለሽ፣ የልጆቹ አባት ወይም እናት ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ቢሠሩ ደግሞ ትውውቁ ከክፍያው ይበልጥብሻል። ቀጣሪ «ከክላስ ውጪ ምን ሠራሽ?» ሲልሽም የምትመልሽው አታጪም።

እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ይህን ሞክሪው። ያኔም «አልቻልኩም» ካልሽ መውጣት ነውር የለውም፤ ብቻ ሻንጣሽን ይዘሽ እንዳትጠፊ። ሬጅስትራር ሄደሽ የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ቅጽ ሙዪ፣ ክሊራንስ፣ ማለትም የጊቢው ንብረት እጅሽ ላይ እንደሌለ የሚያሳየውን ወረቀት፣ ጨርሺ፣ ኮፒውን ያዢ፤ ሳታሳውቂ ከጠፋሽ በኋላ ልመለስ ብትዪ ትቸገሪያለሽ። ድሬ ላይ ያየሽው ኮሌጅም በዚያው ካምፓስ ለአካውንቲንግ እውቅና ያለው መሆኑን፣ እውቅናውም ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ብር ከማስገባትሽ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሪ። የኮሌጁ መዝጋቢ የሚነግርሽን ብቻ ይዘሽ አትክፈዪ።