ሬዲዮው «ነጎድጓድ» ሲል የማን ሰፈር ማለቱ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ ሲሆን እሸት ቡና ገዝቼ እያደረቅሁ እሸጣለሁ። በጥር መጨረሻ በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ከባድ ነጎድጓዳማ ዝናብ እንደሚጠበቅ በሬዲዮ ስሰማ ቡናውን ሳላሰጣ ሦስት ቀን በሸራ ሸፍኜ አቆየሁት። እኛ ሰፈር ጠብታ እንኳ አልወረደም፤ ቡናው ግን መሽተት ጀመረ። በዚያው ሳምንት እዚሁ ጅማ አጠገብ ጅሬን የምትኖረው እህቴ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጓሮዋን እንደመታው ነገረችኝ። ጣሊያን ያለው ልጄ ደግሞ «የመጪው በጋ ሙቀት ከባድ ነው ተብሏል፣ ተጠንቀቂ» ብሎ ደወለልኝ። ትንበያን ልመን ወይስ ልተው?

መልስ፦ ስለ ቡናዎ አዝናለሁ፤ ነገር ግን ትንበያው አልዋሸዎትም። እህትዎ ጓሮ የወረደው በረዶ ራሱ የትንበያው ምስክር ነው። የአካባቢ ትንበያ የሚናገረው ከጅማ እስከ ኢሉባቦርና ከፋ ስለሚዘልቅ ሰፊ ሰማይ ሲሆን አንድ የነጎድጓድ ደመና ግን ወርዱ ብዙውን ጊዜ ከ15 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ዕድሜውም በአብዛኛው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ጠዋት ፀሐይ ያሞቀችው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ እንደ ጎመን የተቆለለ ነጭ ደመና ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላም ከእነዚህ ክምሮች ጥቂቶቹ ብቻ ጠቁረው ይፈነዳሉ። የትኛው ክምር በየትኛው ቀበሌ ላይ እንደሚወርድ ከቀናት በፊት ለይቶ መናገር የሚችል ባለሙያ የለም። ስለዚህ ትንበያ ሲሰሙ «በጥቂት ስፍራዎች»፣ «በአንዳንድ ስፍራዎች» እና «በአብዛኛው ስፍራዎች» የሚሉትን ቃላት ለይተው ያድምጡ፤ ብዙዎቻችን «ከባድ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዘን እነዚህን እናልፋቸዋለን።

ትንበያው ለዝግጅት ነው፤ የመጨረሻዋ ሰዓት ውሳኔ ግን የዓይንና የጆሮ ነው። ሸራውን ከማድረቂያው አልጋ አጠገብ ያኑሩ እንጂ እሸት ቡና ታፍኖ እንዲውል አይፍቀዱ፤ በሦስት ቀን የሚበላሸው ከዝናቡ ይልቅ በመታፈኑ ነው። መብረቅ ሲያዩ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንዶችን ቆጥረው ለ3 ያካፍሉ፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ያገኙታል። ቆጠራው 30 ሳይሞላ ድምፁ ከደረሰ ደመናው ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነውና ቡናውን ሸፍነው ወደ ቤት ይግቡ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ይቆዩ። ለቡናው ጥላ የሚሆነው ዛፍ በዚህ ጊዜ ለሰው መጠለያ አይሆንም። የቆርቆሮ ጣሪያ መብረቅ ይጠራል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ይልቅ ቻርጀር ላይ የተሰካ ስልክ ይዞ ማውራት ያሰጋል።

ስለ ልጅዎ ምክር አጭር መልስ አለኝ። እሱ «በጋ» ያለው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን ነው፤ ለጣሊያን ትክክል ነው፣ ለእኛ ግን ክረምት ነው፣ ያን ጊዜ የቀን ሙቀታችን 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። (የስልክ መተግበሪያዎች ትርጉምም ይህንኑ ስህተት ሲደጋግም አያለሁ።) የጅማ ሙቀት የሚበረታው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሲሆን በቀትር ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ምክንያቱም ፀሐይ በሚያዝያ መባቻ ልክ በአናታችን ላይ ታልፋለች፣ ሰማዩን የሚሸፍነው የክረምት ደመናም ገና አልመጣም። በነሐሴ መጨረሻ እንደገና በአናታችን ታልፋለች፤ ያኔ ግን ደመናው ይጋርዳታል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው የበልግ ሙቀት ነው ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱን የሚያነሣው።

የወቅት ትንበያ «ከመደበኛ በላይ ሙቀት» ሲል መለኪያው የ30 ዓመት አማካይ ነው፤ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት አሁን የሚጠቀምበት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለውን ነው። አማካዩን በአንድ ዲግሪ መብለጥ ለባለሙያ ትልቅ ነገር ነው፣ በሂርማታ ገበያ ለሚመላለስ ሰው ግን ላይታወቅ ይችላል። የታጠበ ቡናም የሚያደርቁ ከሆነ በእነዚያ የሙቀት ወራት ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ይሸፍኑት፤ ቅርፊቱ በቀትር ፀሐይ ይሰነጠቃል።