ናይሮቢ ለምትመጡ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ክረምት ሲገባ «ኬንያ ልመጣ ነው፣ ምን ላዘጋጅ?» የሚል መልእክት ይበዛብኛል። ናይሮቢ ከከተምኩ ቆይቻለሁና ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ይሁን።

ቪዛ ያስፈልጋል?

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አያስፈልግም። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት የያዛችሁ ግን ኢቲኤ የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ ከመነሳታችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድማችሁ በኢንተርኔት አመልክቱ። ኡጋንዳንና ሩዋንዳንም ለምትጨምሩ፣ ለሦስቱም አገር የሚሠራ የ90 ቀን የጋራ ቪዛ በ100 ዶላር አለ።

ጋሼ፣ ቢጫ ካርድ ይጠይቃሉ እንዴ?

ይጠይቃሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ነው (ዲያስፖራዎች፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን አይደለም!)። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዪው። አንዴ ከተወጋሽ ለዕድሜ ልክ ነው።

አውሮፕላኑ ተወዶብኛል። በሞያሌ ብመጣስ?

ይቻላል። ከሞያሌ ናይሮቢ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ድሮ አቧራ የነበረው መንገድ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል አስፋልት ሆኗል። ድንበሩም ላይ የሁለቱ አገር ኢሚግሬሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራል። ግን ከአዲስ አበባ ሞያሌም ሌላ ያን የሚያህል መንገድ ነው፤ በመሃል ማደር፣ መፈተሽ፣ መጠበቅ አለ። በሰሜን ኬንያ በኩል የሽፍታ ወሬ የሚሰማበት ጊዜም ስላለ፣ ከመነሳትህ በፊት በቅርብ ያለፉ ሾፌሮችን ጠይቅ። ጊዜ ካለህና አገር ማየት ከወደድክ ደግ ነው። ለሳምንት ዕረፍት ከሆነ ግን እኔ አልመክርህም፤ በአየር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ምን ገንዘብ ልያዝ?

ብር እዚህ ባንክ አይመነዘርልህም። ዶላር ያዝ፤ ያረጀና የተቀዳደደ ኖት ግን አይቀበሉህም። ከዚያ በፓስፖርትህ ሲም ካርድ አውጥተህ ኤምፔሳ አስከፍት። ቴሌብር የለመደ ሰው አይቸገርም፤ እንዲያውም ኤምፔሳ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላለ ቲማቲም የምትሸጠዋ እናት ሳትቀር በሱ ነው የምትቀበለው። ለማታቱ (ሚኒባሱ ነው) ትንሽ ዝርዝር ኪስህ ውስጥ አይጥፋ። ዝናብ ሲጥል ታሪፉ ይጨምራል፣ ረዳቱን አትጨቃጨቅ። መስኮት አጠገብ ተቀምጠህ ስልክ አታውጣ፤ መንገድ ሲዘጋጋ መንትፈው ይሮጣሉ። መኪና በግራ ስለሚነዳ ስትሻገር መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከት።

ለእህቴ እንጀራና በርበሬ ልይዝላት ነበር።

ያዥላት፣ ትመርቅሻለች። ፌስታል ግን አይሆንም! ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ሕጉ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ቅጣት ወይም እስከ 4 ዓመት እስር ያስቀምጣል። በጨርቅ ከረጢት ወይም በካርቶን አድርጊው።

ሰዓቱ እንደኛ ነው?

ሁለቱም አለ። በስዋሂሊ ሲያወሩ ልክ እንደኛ ከንጋት ይቆጥራሉ፤ በእንግሊዝኛ ሲሆንና ቲኬት ላይ ግን እንደ ፈረንጁ ነው። በኛና በነሱ መካከል የሰዓት ልዩነት የለም።

በሐምሌ ሙቀት ነው አይደል?

ብርድ ነው፣ ጃኬት ያዙ።

ማሳይ ማራ ዋጋው ያወጣል?

አራዊቱ ከታንዛኒያ የሚሻገሩት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው፤ ያኔ ለውጭ አገር ሰው የአንድ ቀን መግቢያ 200 ዶላር ነው፣ መኪናና ማደሪያ ሳይጨምር። እኔን ከጠየቃችሁ ኪሱ ለማይፈቅድ ሰው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በቂ ነው። ዝሆን የለውም እንጂ አንበሳ፣ አውራሪስና ቀጭኔ የከተማው ፎቅ ከኋላቸው እየታየ ታያላችሁ። በማለዳ ግቡ። ክፍያው አስቀድሞ በኢንተርኔት ነው፤ በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም።

ሞምባሳ በባቡር ወይስ በአውቶቡስ?

በባቡር። በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተው መስመር በአምስት ስድስት ሰዓት ያደርሳል፤ በጻቮ ሲያልፍ ዓይናችሁን ከመስኮት አትንቀሉ፣ ዝሆን ሊያጋጥም ይችላል። የናይሮቢው ጣቢያ ሲዮኪማው ነው፣ ከመሃል ከተማ ይርቃል። ሻንጣ ስለሚፈተሽ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የሞምባሳውም ጣቢያ ከከተማው ውጭ ስለሆነ የታክሲ ሒሳብ ያዙ። ባሕሩ ዳር ወባ አለ፤ ከመምጣታችሁ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒቱ ሐኪም አማክሩ፣ አጎበር የሌለው ክፍል አትከራዩ።