ትኩሳቱ ለቀቃት ብለሽ እናትሽን ይዘሽ እንዳትወጪ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው እናትሽ ከድሬዳዋ ሲመለሱ ደንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት ተገኝቶባቸው እዚህ አዳማ ተኝተዋል፤ ዛሬ ትኩሳቱ ስለለቀቃቸው ወደ ቤት ልውሰዳቸው ወይ ብለሻል። ሐኪም አይደለሁም። ግን ሁለቱም በሽታ ያለባትን አክስቴን በዚሁ በደንጊ አስታምሜያለሁ። ሐኪሞቹ ውጪ ካላሉሽ አትውጪ።

የደንጊ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። አደገኛው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፤ ሕመሙ ከጀመረ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ውስጥ። የደሙ ፈሳሽ ከደም ስር እየሰረገ ይወጣል፣ ደሙ ይወፍራል፣ ግፊት ይወድቃል። ይህ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ስኳር፣ ግፊት ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው የአደጋ ምልክት ባይታይበትም ሆስፒታል ሆኖ ይታይ የሚለው ለዚህ ነው።

አክስቴም ትኩሳቱ ሲለቃት ሾርባ አምጡልኝ አለች። ልጇ ልብስ መሸከፍ ጀመረች። ነርሷ ግፊቷን ስትለካ 100 በ80 ሆነ። ሁልጊዜ ከ150 የማትወርድ ሴት! ልጇ «ተመስገን፣ ተስተካከለላት» አለች። ነርሷ ግን እጇን ያዝ አደረገችው፤ በረዶ ሆኗል። ጥፍሯን ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ነጭ እንደሆነ ቆየ። ወዲያው ሐኪም ጠራች። የላይኛውና የታችኛው ቁጥር ልዩነት 20 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሰውነት ወደ ሾክ (ደም ለአካል ክፍሎች በበቂ ወደማይደርስበት ሁኔታ) እየሄደ ነው ማለት ነው። ደግሞ ከፍ ያለ ግፊት ለለመደ ሰው፣ ለሌላው ደህና የሆነው ቁጥር ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። የእናትሽን የወትሮ ግፊት ለተረኛዋ ነርስ ንገሪያት። በየፈረቃው ንገሪ፣ አትፈሪ።

የግፊት ኪኒናቸውን፣ ሜትፎርሚን ወይም ኢንሱሊናቸውን በራስሽ አትስጪ፣ በራስሽም አታቋርጪ። በተለይ ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒት ካለ አሳዪያቸው። ለልብ ብለው አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነም እንደዚያው። ስኳሩን ቶሎ ቶሎ ማስለካት ነው፤ ሕመሙ ያወጣዋል፣ አለመብላት ያወርደዋል። የሚገባላቸውንና የሚሸኑትን ደብተር ላይ ጻፊ። የሚንጠለጠለው ፈሳሽም ልክ አለው። አደገኛው ጊዜ ሲያልፍ የሰረገው ፈሳሽ ወደ ደም ስር ይመለሳል፤ ያኔ ሲበዛ ልብና ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ሳንባ ላይ ይወጣል። ትንፋሽ ካጠራቸው ተጣሪ።

ለቁርጥማት ብሎ ዲክሎፌናክ ይወጉ የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። የሚፈቀደው ፓራሲታሞል ነው፣ እሱም በታዘዘው ልክ። ለደንጊ መድኃኒት ነው የሚሉትን የፓፓያ ቅጠል የቲክቶክ ሐኪሞች ራሳቸው ይጠጡት።

ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ጥቁር ሰገራ፣ መቅበጥበጥ ወይም መፍዘዝ ካየሽ ተራ አትጠብቂ።

መውጫው ሲደርስ ታውቂዋለሽ። ትኩሳት ከለቀቀ 48 ሰዓት ይሞላል፤ ፕላትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ቁጥሩ መጨመር ይጀምራል፤ ሄማቶክሪቱ (የደሙን መወፈር የሚያሳየው ልኬት) ያለሚንጠለጠል ፈሳሽ ባለበት ይረጋል፤ ይበላሉ፣ በደንብ ይሸናሉ። ነገ ጠዋት ሐኪሙ ሲዞር እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቂው።